በድራሙ ሆድ የቀረው ጋቢ

ኅዳር 13፣ የሚካኤል ማግስት፣ 1999

ብዕሩን የያዘችው ጌጤነሽ ናት። እጁ የሷ ነው፣ ቃሉ የኔ የደግፌ ወንድይራድ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ማፈር ያለባቸው ያላስተማሩኝ ናቸው። ጌጤነሽ ከምርጫው ረብሻ በኋላ አገር ለቃ ወደዚህ እንግሊዝ አገር የመጣች ልጅ ናት። ኬኒንግተን እኔ ቤት ትንሿ ክፍል ውስጥ ታድራለች፣ ታበስልልኛለች፣ የጥገኝነት ጉዳይዋ እስኪያልቅ ክሮይደን ኢሚግሬሽን ቢሮ እየሄደች ትፈርማለች። ጴንጤ ስለሆነች የሚካኤልን ስም ልትዘል ነበር። "ቁጥሩ ይበቃል አባባ" አለችኝ። ሁለቱንም ጻፊ አልኳት። ጽፌያለሁ ብላለች። በምን አውቃለሁ።

ያለ ምክንያት አይደለም የማስጽፈው። ትናንት ከቀትር በኋላ አንድ እንግሊዝ በሬን አንኳኳ። ራሰ በራ ነው፣ ዕድሜው ወደ አርባ፣ ጫማው የተወለወለ። "ሚስተር ደግፌ? ማርቲን እባላለሁ። የሌን ልጅ ነኝ" አለኝ።

የሌንን ስም በዚህ ቤት ማንም ጠርቶት አያውቅም። እኔም አልጠራሁትም።

ስለዚያ ዘመን ሊጠይቀኝ እንደሚፈልግ ነገረኝ። አሁን አሁን ሰዎች ስለዚያ ሙዚቃ ፊልም እየሠሩ ነው አለ። ከምርጫው ወዲህ እዚህ ያለው አበሻ ሁሉ አጠገቡ የተቀመጠውን ይጠራጠራል፤ ሬስቶራንት ገብተህ ድምፅህን ከፍ ብታደርግ ሦስት ሰው መጉረሱን ያቆማል። እኔ ግን መጠርጠር የጀመርኩት ከነሱ በፊት ነው። በሩን አልዘጋሁበትም። አላስገባሁትምም። ዝናብ ላይ ቆሞ ሲያወራ ቆይቶ ሄደ።

ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ቃሌ እዚህ ይገኝ።

ኅዳር 15

ጌጤነሽ "ሌን ማን ነው?" አለችኝ። እሺ፣ ይጻፍ።

ወደዚህ አገር የመጣሁት፣ አርባ ዓመት አልፎታል፣ አንድ አርመን ነጋዴ ቤተሰቡን ይዞ ሲገባ አሽከሩ ሆኜ ነው። እነሱ ወደ ካናዳ ሲያልፉ እኔ ቀረሁ። ቀን ልብስ ማጠቢያ ቤት እሠራለሁ። ሲመሽ ከአንድ ጫማ ሱቅ ሥር ያለች ምድር ቤት እሄድና ብርጭቆ እሰበስባለሁ። እዚያ የእንግሊዝ ጎረምሶች ይታጨቃሉ። የጥቁር አሜሪካኖችን ሸክላ ከባሕር ማዶ እያስመጡ፣ መርፌው እስኪደንዝ እየሰሙ፣ እንደነሱ ካልዘፈንን የሚሉ ልጆች ናቸው። ሪትም ኤንድ ብሉዝ ይሉታል። አባታቸው ባንክ ቤት ይሠራል፣ እነሱ ስለ ጥጥ ለቀማና ስለ እስር ቤት ያለቅሳሉ። ግድግዳው ሳይቀር ላብ ያወርዳል። ጃዝ እንጫወታለን የሚሉት ትላልቆቹ ደግሞ በሩ ላይ ይቆሙና "ይሄ ሙዚቃ አይደለም፣ ጩኸት ነው" ብለው ይሄዳሉ፤ ጊታሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ።

ሌን የሥጋ ሻጭ ልጅ ነው። አንገቱ ቀጭን፣ ድምፁ ሻካራ። ጊታር ይዞ ይዘፍናል። አንድ ቀን ድራም የሚመታላቸው ልጅ ቀረባቸው። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ የማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ መሣሪያ ተሸካሚ ነበርኩ፤ እየተሸከምኩ ተማርኩ። ብርጭቆዎቹን አስቀምጬ ድራሙ ላይ ተቀመጥኩና መታሁ። የነሱን የሚመስል፣ ውስጡ ግን የኛ የሠርግ ጭብጨባ ያለበት። ሌን ዞሮ አየኝ። ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ በኛ ቤት ዘፈን ሲጀመር ማንም አይቆጥርም። ሌላው እንግሊዝ "ዋን፣ ቱ" ብሎ ነው የሚነሳው። በኛ ግን እኔ ብቻዬን ሁለት ዙር እመታለሁ፣ ሌን ሁልጊዜ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይገባል። ሰዉ የሚያብደው እዚያች መዘግየቱ ላይ ነበር።

ጥቁር ስለሆንኩ አሜሪካዊ እመስላቸዋለሁ። ሌን መድረክ ላይ "ከሚሲሲፒ የመጣው" እያለ ያስተዋውቀኛል። ሚሲሲፒ ወንዝ ይሁን ሰፈር አላውቅም። ልጃገረዶቹ ስለ አገሬ ሲጠይቁኝ "ሩቅ ነው" እላቸዋለሁ። አልዋሸሁም።

ጎረቤቶቹ ጩኸት በዛ ብለው ፖሊስ ሲያስመጡብን ጋቢዬን አጣጥፌ በእግር በሚመታው በትልቁ ድራም ሆድ ውስጥ ከተትኩት። ድምፁ ወፈረ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ሆነ። አክስቴ የፈተለችው ጋቢ ነው። ሌን አንድ ቀን ሲጋራውን ጣለበትና ጥጉ ላይ ሽንብራ የምታህል ቀዳዳ አበጀበት።

"መጨረሻውስ?" አለች ጌጤነሽ። ዘፈን ኃጢአት ነው እያለች ብዕሩን ግን አላስቀመጠችም።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ሸክላ እናስቀርጻለን በተባለበት ቀን በሩን ዘግተውብኝ ሌላ ድራም መቺ አስቀመጡ። ሸክላው ላይ ያለው ያ ሰው ነው። ድራሜንም ጋቢዬንም ወስደው ቀሩ። ሌን ሌባ ነው። ይሄን በወፍራሙ ጻፊው።

ኅዳር 21፣ ጽዮን

ስልክ ጠዋት ጮኸ። ከሰዓት በኋላም ጮኸ። ጌጤነሽ ላንሳው አለች። አይነሳም። ደጋግሞ የሚደውል ሰው የሚፈልገው ነገር አለው።

ኅዳር 22

ዛሬም።

ታኅሣሥ 3፣ በዓታ

ልጄ ሃይሚ ከሃክኒ መጣች። እናቷ አልታየሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አማርኛ አስተምራታለች፤ አንቱታውን ግን ሳትጨርስላት ሞተች። ይኸው እስከ ዛሬ አንተ ነው የምትለኝ።

"ዳድ፣ ሙዚቀኛ እንደነበርክ ለምን ነግረኸኝ አታውቅም?"

"ማን ነገረሽ?"

"ኖ ዋን፣ ማንም። ዝም ብዬ ነው።"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልጠየቀችኝን ዝም ብላ አትጠይቀኝም። ቆይታ ስልኳን ይዛ በረንዳ ወጣች። መስኮቱ ገርበብ ብሏል። ጆሮዬ ደህና ነው፣ እግሬ እንጂ። በእንግሊዝኛ እንዲህ አለች፦ "አዎ፣ ክሮይደን… ክፍሉ ሙቅ ነው አይደል? ነርሶቹስ? እሺ፣ ቀስ ብዬ እኔ ይዤው እመጣለሁ። እስከዚያ ምንም እንዳትነግረው።"

ገባኝ። ኬር ሆም፣ የሽማግሌ መጦሪያ ልታስገባኝ ነው። ቤቱን ላከራየን ለካውንስሉ አስረክባ፣ እኔን ነርስ መሀል። ሙቅ ነው አለች። ዶሮም እስኪታረድ የሚያድረው ሙቅ ቦታ ነው።

ይሄን ሳስጽፍ የጌጤነሽ እጅ ቆመ። ክሮይደን የሚለው ላይ ስትደርስ ነው የቆመው። ምን ሆንሽ አልኳት። "ምንም" አለች። ይቺም የምትደብቀው አላት።

ታኅሣሥ 13

ጌጤነሽ ወጥ ቤት ሆና ትዘምራለች። በማንኪያ የድስቱን ክዳን እየመታች ነው። ጆሮዬን ቀሰርኩ። የኔ ምት ነው።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"የቱን አባባ?"

"ማንኪያው የሚለውን።"

"የቸርች ነው እኮ። እንዲህ ነው የምናጨበጭበው።"

"የኔ ነው።"

"ውይ አባባ። ሠርግ ላይስ? እኛ ሰፈር አሮጊቱም ሕፃኑም እንዲህ ነው የሚያጨበጭበው። ሁሉም ከእርስዎ ሰርቆ ነው?"

ይሄን እንዳትጽፊው አልኳት። ብዕሩ ሲሄድ ይሰማኛል።

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ደከመኝ። ጉንፋን ነው። ሃይሚ ሁለት ጊዜ መጥታ ሾርባ ሠራች። ዓይኗን ከኔ ታሸሻለች። ጌጤነሽም ከሃይሚ ትሸሻለች፤ ሃይሚ ስትገባ እሷ ገበያ ልሂድ ትላለች። በገዛ ቤቴ ሁለት ሴቶች እየተሸሻሸጉ ነው።

ታኅሣሥ 30፣ የገና ማግስት

ዛሬ በረጅሙ ነው፣ ተቀመጪ።

ትናንት ለበዓሉ ዶሮ ቀርቦ ሃይሚ ገባች፣ ከኋላዋ ያ ራሰ በራ። አቀናብረውታል ማለት ነው። እንግዳን በገና ቀን ማባረር አይቻልም፣ ይሄንንም አስበውበታል። ማርቲን ዶሮውን በላ። በደንብ በላ። እንባው እየፈሰሰ በላ፣ በርበሬው ነው መሰለኝ።

ከዚያ ነገሩን አወጣ። ሌንን ስትሮክ መቶታል። ቀኝ ጎኑ ሞቷል፣ ከበጋ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም። ክሮይደን አልፎ ካለ የሕሙማን መጦሪያ ቤት ነው የሚያስታምሙት። ልቡም ደክሟል፣ ብዙ አይቆይም አሉት። ሐኪሞቹ ደግሞ ምላሱ የጠፋበት ሰው አንዳንዴ ዘፈን ሲነሳለት ቃሉ ይመለሳል ብለውታል።

"ሸክላውን አሰማነው" አለ ማርቲን። "ምንም አላለም። እናቴ ከመሞቷ በፊት፣ ያ ዘፈን በሸክላው ላይ እንዳለው አልነበረም፣ ደግፌ ሲጀምረው ሌላ ነበር ትል ነበር። የአባቴን ድምፅ አንድ ጊዜ መስማት ነው የምፈልገው። ሌላ አይደለም።"

ከኪሱ ጣት የምታህል መቅጃ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መሄድ ካልፈለጉ እዚህ ይምቱልኝ አለ።

ይኸው። ከዚህ ሁሉ ወሬ በኋላ መቅጃ ነው የወጣው። ታመመ፣ ዲዳ ሆነ፣ ሊሞት ነው፣ ከዚያ መቅጃ። አንዴ ቦታዬን ወሰዱ፣ አሁን ምቱን ራሱን ሊወስዱ። ፊልም ይሠራሉ ብሎኝ የለ በራሱ አፍ?

"እናትህ ሌላስ ምን አለችህ?" አልኩት።

"የቀረጻው ቀን ስቱዲዮው ተቀይሮባችሁ፣ ለእርስዎ ሦስት ጊዜ እንደደወሉ።"

ይሄማ እውነት ነው፣ አልክድም። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ሴትዮ ደረጃውን እየወጣች ሦስት ጊዜ ነግራኛለች። "ቦታው ሌላ ነው፣ ሃክኒ ነው፣ እየጠበቁህ ነው" ብላኛለች። እኔ ግን ጠዋት ምድር ቤቱ ሄጄ በሩ ተቆልፎ አይቻለሁ። በር ቆልፎ ስልክ የሚደውል ሰው ሩቅ ሰዶ ሊያስቀርህ ነው። ሞኝ አይደለሁም። ተመልሼ ከገባሁበት አልጋ አልተነሳሁም።

ጌጤነሽ እዚህ ላይ ቀና አለች። "ታዲያ አልሄዱም?"

"ለምን እሄዳለሁ?"

"እየጠበቁዎት ነበር እኮ።"

የምልሽን ጻፊ አልኳት።

ለማርቲን መታሁለት። በእንጨት ማንኪያ፣ በዚሁ ጠረጴዛ። የመታሁት ግን የኔን አይደለም። ወታደር የሚሄድበትን፣ እኩል እኩል፣ ጡብ በጡብ ላይ የሚደረደረውን። የእንግሊዝን። ማርቲን እጄን ሁለት ጊዜ ጨብጦ አመሰገነኝ፣ ሃይሚ አቀፈችኝ። ጌጤነሽ ግን ከምድጃው አጠገብ ሆና አየችኝ። ሲወጡ "አባባ፣ ይሄ ያኛው አይደለም" አለች።

አይደለም። ይውሰዱት። ጡባቸውን ይውሰዱት።

ጥር 2

ደስ ብሎኛል። አታለልኳቸው። እንቅልፍ እንቢ ያለኝ ከጉንፋኑ ነው።

ጥር 5

ጌጤነሽ መዝሙሩን ትታለች። ድስቱን ዝም ብላ ታጥባለች። ዘምሪ እንጂ፣ ማን ከለከለሽ አልኳት። "የእርስዎ ነው ብለዋል እኮ" አለችኝ። አፍ አላት።

ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ

ሃይሚ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ዳድ፣ ማርቲን አሰማው።"

"እና?"

"ሌን ትንሽ ሰማው። ከዚያ በደህናው እጁ መቅጃውን ገፍቶ ጣለው። ማርቲን አንስቶ እንደገና ሲያጫውተው እንደገና ጣለው። ራሱን ነቀነቀ። ሂ ኒው፣ ዳድ። አንተ እንዳልሆንክ አወቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምን አድርገህ ነው የላክህለት?"

ሻይ አፍይልኝ አልኳት፣ አፈላች፣ ሄደች።

ጥር 13

አወቀ።

ጥር 14

ልጁ አላወቀም። ልጄ አላወቀችም። በዚያ ምድር ቤት የሚጨፍር የነበረ ሰው ሁሉ ሸክላውን ገዝቶ ልዩነቱን ሳያውቅ አርጅቷል። ምላሱ የሞተው ሰው አወቀ።

ምቴን የሚፈልግ ሌባ ቢሆን የተሰጠውን ይዞ ይሄድ ነበር። አይጥለውም። ይሄን ከጠዋት ጀምሮ አገላብጬ አየሁት። ተንኮል ፈለግኩበት። እስካሁን አላገኘሁም። ፍለጋዬን አልጨረስኩም።

ጥር 17

ሃይሚን ደውለሽ ጥሪልኝ አልኳት ለጌጤነሽ። ምን ልበላት አለች። እንግሊዙ የተኛበት ቤት የት እንደሆነ ልይ በያት። ለማየት ነው። ታመመ የሚሉት እውነት መሆኑን በዓይኔ ላረጋግጥ።

የእንጨት ማንኪያዎቹንም በፌስታል አድርጊልኝ።

ጥር 23፣ ጊዮርጊስ

ዛሬ ሄድን። አሁን ተመልሰን ገብተናል። ጌጤነሽ የመፈረሚያዋ ቀን ስለሆነ እስከ ክሮይደን አብራን በባቡር መጣች። መንገድ ላይ አንገቷን ደፍታ "አባባ" አለች፣ "ሃይሚ ያን ቀን በስልክ ክሮይደን ስትል እኔን ጠቁማ አሳልፋ የምትሰጠኝ መስሎኝ ነበር። ይዤው እመጣለሁ ያለችው የኔን ፋይል መስሎኝ።"

"እኔ ደግሞ ኬር ሆም ልትከተኝ መስሎኝ ነበር።"

ሃይሚ ፊት ለፊታችን ነች። "ዩ ቱ፣ እናንተ ሁለታችሁ" አለችና ፊቷን በእጇ ሸፍና እስክትንቀጠቀጥ ሳቀች። እኛ አልሳቅንም። ትንሽ ቆይታ ጌጤነሽም ሳቀች።

እሷ ወርዳ ፈረመች፣ እኛ ትራሙን ይዘን አለፍን።

ሌን መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። ፀጉሩ የለም። አንገቱ ብቻ ያው ነው። ቀኝ እጁ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ጭኑ ላይ ተቀምጧል። ከጉልበቱ በታች የሸፈኑት ልብስ ቢጫ ሆኖ ሳስቷል፣ ብል ነክቶታል። ጎንበስ ብዬ ጥጉን ፈለግኩ። ቀዳዳዋ አለች። በጣቴ ነካኋት።

"ድራሙን ድሮ ሸጦታል" አለ ማርቲን። "ይሄን ግን ማንም እንዲነካው አይፈቅድም ነበር። የሰው ነው፣ ባለቤቱ ይመጣል ይል ነበር። በየዓመቱ ፋሲካ ሲደርስ ራሱ ያጥበው ነበር። እኛ ልጆች ሆነን እንስቅበት ነበር።"

ለመናገር ይዤው የሄድኩት ጥያቄ ነበረኝ። ስንትና ስንት ዓመት ነው ያዘጋጀሁት። በእንግሊዝኛ ነው ያዘጋጀሁት፣ እንዲገባው። ቁጭ አልኩና ጠየቅኩት፦ "ሌን፣ ለምን ሸጥከኝ?"

አፉን ከፈተ። አንድ ድምፅ ወጣ፣ ቃል አይደለም። ከዚያ ግራ እጁን አነሳና ጡጫ ጨብጦ ጆሮው ላይ አደረገው። አወረደው። እንደገና አነሳና ጆሮው ላይ አደረገው። አወረደው። ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ አነሳው። ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም።

ጆሮውን የሚያመው መሰለኝ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፣ ጆሮውን የሚያመው መሰለኝ። ሃይሚ ወደ መስኮቱ ዞረች። ማርቲንም መሬት መሬት አየ። እኔ ከዚያ ወዲያ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም።

ማንኪያዎቼን አወጣሁ። የምግብ ማቅረቢያው ጠረጴዛ ጎማ አለውና አልጋው ጋ አስደግፌ አቆምኩት። መታሁ። የኔን። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። የሚገባበት ቦታ ደረሰ። አልገባም። ዝም ብሎ ያየኛል። ሊቀጣኝ ነው አልኩ በሆዴ፤ የላኩለትን ጡብ ሊያስከፍለኝ ነው። መብቱ ነው። ይሄ መብቱ ነው የሚለውን እንዳትዘይው። ክንዴን ያመኝ ጀመር፣ ግን አላቆምኩም። ሦስተኛውን ዙር ጀመርኩ።

ዘግየት ብሎ ገባ። እንደ ድሮው፣ እዚያችው ቦታ ላይ፣ ሰዉ የሚያብድባት ቦታ። ድምፁ የተቀደደ ነው፣ ግን ቃሉ ሙሉ ነው። ሳይቆምለት ስላለፈው ባቡር የሚለውን ስንኝ ከዳር እስከ ዳር ዘፈነው። ማርቲን ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። አንዲት ነርስ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች።

ስንኙ ሲያልቅ እጄን አሳረፍኩ፣ ቃሉም አብሮ ጠፋ። አንድ ነገር ሊለኝ ፈለገ፣ ያቺ ድምፅ ብቻ ናት የመጣችው። ስለዚህ እንደገና መታሁ። ሳልመታ መናገር ካልቻለ ምን ይደረጋል። ክንዴ አሁንም ይጠዘጥዘኛል። በሚቀጥለው ረቡዕም እሄዳለሁ፣ ሃይሚ አልተጠየቀችም፣ ይዛኝ ትሄዳለች።

ስንነሳ ማርቲን ጋቢውን አጣጥፎ ሰጠኝ። "የእርስዎ ነው" አለ። ያዝኩት። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የሰረቀ ሰው አርባ ዓመት አያጥብም። ይሄን ራሴ ነው ያሰብኩት፣ ማንም አልነገረኝም።

ክፍሉ ሙቅ ነው ያለችው ሃይሚ ዋሽታለች። ቀዝቃዛ ነው። መስኮቱ ንፋስ ያስገባል። ስለዚህ ጋቢውን መልሼ ጉልበቱ ላይ አደረግኩለትና መጣሁ።

በቃ፣ ጨረስኩ። አሁን ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ። ምንም አልሰርዝም፣ ያልኩት ያልኩት ነው። ሌባ ያልኩበት ጋ ስትደርሺ ብቻ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።